የአባቴ ላንድክሩዘር አዲስ ሞተርና አዲስ የፊት እግር፦ ስለ አንድ የኮምቦልቻ ጋራዥ ሥራ

አባቴ ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ እህል ሲያመላልሱባት የኖሩት ላንድክሩዘር ፒክአፕ እ.ኤ.አ. በ1973 የተሠራች ኤፍጄ 45 ናት። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3.9 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ፣ በአራቱም እግሯ ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከሙ የተነባበሩ የብረት ቅጠሎች) እና የታምቡር ፍሬን ይዛ ነው ወደ ቤታችን የገባችው። አባቴ ካረፉ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ደሴ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ነበር። ልሽጣት ብዬ ደላላ ባነጋግርም እናቴ ገዢ በመጣ ቁጥር ፊቷን ስታዞር አየሁና ሐሳቤን ቀየርኩ፤ መኪናዋን ዳግም ለሥራ ማብቃት አለብኝ ብዬ ወሰንኩ። ይህ ግምገማ ሞተሯንና የፊት እግሯን (የፊት አክስሏን ከነመሸከሚያውና ከነፍሬኑ) ስለለወጠልኝ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወጣው መንገድ ዳር ስለሚገኝ አንድ ጋራዥ ነው። ከምስጋናው ጋር ቅሬታም ስላለብኝ ስሙን አልጠቅስም።

አሮጌው ሞተር መጥፎ ሞተር አልነበረም። የእኛ አገር አቀማመጥ ግን ይከብደዋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም አብዛኛው ልዩነት የሚሸፈነው ሐረጎ የሚባለው ዳገት ላይ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ለቆላ በተሰላለት ልክ ቤንዚን መስጠቱን ስለሚቀጥል ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ሞተሩም ጥቁር ጭስ እየተፋ አቅሙ ይወርዳል። አምስት ኩንታል ጭነን ሐረጎን ስንወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያጓራች፣ በሊትር አራት ኪሎ ሜትር እየሄደች ነበር። ስለዚህ የብዙ ሰው ምክር አንድ ዓይነት ሆነ፦ የናፍጣ ሞተር አስገባና ጨርስ።

እኔ ግን የፊት እግሩም አብሮ እንዲለወጥ ፈልጌ ነበር፤ በዚህም ብዙዎች አልተስማሙኝም። ባሌስትራ ጠንካራ ነው፣ ጭነት ይችላል፣ ሲሰበርም የትም ይሠራል፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የዚያች መኪና የፊት ባሌስትራ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ተፋጭተው ጫፎቻቸው እንደ ቢላ ስለው ነበር፤ ቦኮላዎቹም (መጋጠሚያዎቹ ውስጥ የሚገቡት ቀለበቶች) አልቀው ስለነበር መንገዱ መሪውን የሚነዳው እስኪመስል ድረስ ጉድጓድ ሁሉ እጅ ላይ ይደርስ ነበር። ደግሞም የበለጠ ፍጥነት የሚያወጣ ሞተር በታምቡር ፍሬንና ኃይል በሌለው መሪ ላይ መጫን፣ በተለይ ሐረጎን በየቀኑ ለሚወርድ ሰው፣ ተገቢ ሆኖ አልታየኝም። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1999 የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘሮቹን ፊት ከባሌስትራ ወደ ሞላ (የተጠማዘዘ ጥቅል ብረት) ሲለውጥ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘውን ድፍኑን የፊት አክስል እንዳለ ትቶታል። ስለዚህ እኔ የፈለግሁት ከኤችዜድጄ 79 የወጣ ሙሉ የፊት አክስል ከነሞላው፣ ከነዲስክ ፍሬኑና ከነመሪ ሳጥኑ፣ እንዲሁም ዋን ኤችዜድ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ከባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮው ጋር ነበር። ሁሉንም ከአንድ የተጋጨ መኪና ላይ አንድ ላይ ገዛኋቸው፤ ዕቃ ከዚህም ከዚያም መለቃቀም ኋላ መከራ ያመጣል ብለው የመከሩኝ የጋራዡ ዋና ሜካኒክ ናቸው።

እኚህ ሰው ስድሳውን ያለፉ፣ የአሰብ መንገድ በጭነት መኪና በሚጨናነቅበት ዘመን ኮምቦልቻ ላይ ፊያት ሲጠግኑ ያደጉ ባለሙያ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ልጄ ይሉኛል። መኪናዋ ጋራዡ በገባች በአራተኛው ቀን ሄጄ ሳይ አንድም ብረት አልተቆረጠም ነበር፤ በግልጽ ለመናገር ተናደድኩ። «ጋሼ፣ ምን እየጠበቅን ነው?» ስላቸው፣ «አብሽር ልጄ፣ ብረቱ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ልኩን እንያዝ» ብለው ወደ መሬቱ ጠቆሙኝ። መኪናዋ በአራት እንጨት ላይ ተስተካክላ ተቀምጣለች፤ የግንበኛ ቱንቢ ከሻንሲው (ከመኪናዋ የብረት አጽም) ላይ በየተራ እያንጠለጠሉ፣ የባሌስትራው ቡሎኖች፣ የአክስሉ መሃል፣ የመሪው ሳጥንና የሞተሩ መቀመጫዎች ያሉበትን ቦታ ሁሉ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ነጥበውታል። ነጥቦቹን በክር አያይዘው ሰያፍ ሰያፉን በሜትር ሲለኩ የሻንሲው ግራ ጎን ከቀኙ 8 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ መቅረቱ ታወቀ፤ አባቴ ከዓመታት በፊት ከአንድ ግንብ ጋር የተጋጩበት ምልክት ነበር። ያን ሳያዩ አክስሉን በየዱት ማለት መኪናዋ ዕድሜዋን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ስትሄድ ትኖር ነበር ማለት ነው። ሻንሲው ከተቃና በኋላ ነው ግራይንደር የተነሣው። እኔ ለዚህ ጋራዥ ያለኝ አክብሮት በዋናነት ከዚያ ጠመኔ የመጣ ነው።

የሞላ አሠራር ከባሌስትራ የሚለይበትን ነገር እዚያ ቆሜ ነው የተማርኩት። ባሌስትራ መኪናውን ይሸከማል፣ አክስሉንም በቦታው ይይዛል፤ ሞላ ግን መሸከም ብቻ ስለሚችል አክስሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚይዙ ሁለት ረጃጅም ክንዶች፣ ወደ ጎን እንዳይሄድ ደግሞ ከሻንሲው ወደ አክስሉ አግድም የሚዘረጋ ዘንግ ያስፈልጉታል። ይህ አግድም ዘንግ ከመሪው ዘንግ ጋር ጎን ለጎን፣ በአንድ ዘመምታ መዘርጋት አለበት፤ አለበለዚያ ጎማው ጉድጓድ ገብቶ በወጣ ቁጥር ሁለቱ ዘንጎች የተለያየ ቅስት እየሠሩ መኪናው ማንም ሳይነካው መሪ ይዞራል። ሜካኒኩ የዘንጉን ማሰሪያ መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ አያይዘው፣ ሞላዎቹን አውጥተው አክስሉን በክሪክ ሽቅብ ቁልቁል እያደረጉ መሪው ይንቀሳቀስ እንደሆነ ተመለከቱ፤ ሁለት ጊዜ ነቅለው ሦስተኛው ላይ ሙሉ በሙሉ በየዱት። ብየዳው ከሻንሲው ጎን ብቻ ሳይሆን በተጨማሪ ብረት ተደግፎ ነው የተሠራው፤ የሻንሲው ብረት ቀጭን ስለሆነ ማሰሪያውን በቀጥታ ቢበይዱት ከብየዳው ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃል።

ስለ ሞተሩ የምለው ብዙ አይደለም፤ ሥራው የታወቀ ነውና። አሮጌውም አዲሱም ስድስቱን ሲሊንደር በአንድ መስመር የደረደሩ ረጃጅም ሞተሮች በመሆናቸው ኮፋኖው ሥር ቦታ አልጠፋም፤ የሞተር መቀመጫዎቹ አዲስ ተሠሩ፣ ራዲያተሩም በትልቅ ተተክቶ ትንሽ ወደ ፊት ወጣ። የፊት ዲፍረንሻሉ በሁለቱም መኪኖች በቀኝ በኩል ስለሆነ ከካምቢዮው ኃይል የሚያደርስለትን ሻፍት ቶርኖ ቤት (ብረት መቅረጫ) ወስዶ ማስረዘም ብቻ በቂ ሆነ። የፊቱና የኋላው ዲፍረንሻል ቁጥር (ጎማው አንዴ ሲዞር ሻፍቱ የሚዞረው ዙር) እኩል ካልሆነ ባለ አራቱ እግር ሲያያዝ ካምቢዮው ይሰበራልና፣ ጎማ እያዞሩ የሻፍቱን ዙር ቆጥረው ሁለቱም 4.1 አካባቢ መሆናቸውን አረጋግጠዋል። የናፍጣ ሞተር የቤንዚን ሞተር የሚሰጠውን ዓይነት ቫኩም (አየር የመሳብ ኃይል) ስለማይሰጥ የፍሬን ማገዣው የሞተሩ የራሱ ቫኩም ፖምፓ ተገጥሞለታል፤ ተራፊው ናፍጣ ወደ ታንከር የሚመለስበት ቱቦም አዲስ ተዘርግቷል። ይህን ሁለተኛውን ነገር የሚረሱ ጋራዦች መኖራቸውን ስለማውቅ እዚህ ላይ ማንሳቱ ተገቢ መሰለኝ።

ስሕተቱ የተፈጠረው ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ቀን ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው ደልዳላ መንገድ ላይ ስነዳት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ድረስ ለስላሳ ነበረች፤ 70 ላይ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ስንነካ ግን የፊት ጎማዎቹ ግራና ቀኝ መማታት ጀመሩ፣ መሪው እጄን እየመታ ሊያመልጠኝ ደረሰ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የነበረው የአባቴ መነጽር ማስቀመጫ ወደ እግሬ ወደቀ። ፍጥነቱ ከ40 በታች እስኪወርድ አልቆመም። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስመለስ በንዴት ብናገርም ጋሼ አልተከራከሩኝም፤ መኪናዋን ወደ ውስጥ አስገብተው የማዕዘን መለኪያ አክስሉ ላይ አደረጉና ለብዙ ደቂቃ ዝም አሉ።

ምክንያቱ ይህ ነበር። ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ አናቱ ጥቂት ወደ ኋላ ማዘንበል አለበት፤ ብስክሌት እጅ ሲለቀቅ ቀጥ ብላ እንድትሄድ የፊት ሹካዋ ዝንባሌ እንደሚረዳት ማለት ነው። ለዚህ አክስል 3 ዲግሪ ያህል ሲያስፈልግ የኛው 1 ዲግሪ እንኳ አልሞላም። ሞላዎቹ የመጡት ከከበደ መኪና ላይ ስለሆነ የአባቴን ቀላል መኪና ፊት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከታሰበው በላይ አነሷት፤ ፊቷ ሲነሣ ክንዶቹ አክስሉን ወደ ፊት ስላዞሩት ዝንባሌው ጠፋ። ሁሉም ልኬት የተወሰደው ሞተሩ ሳይገባ፣ ክብደቱ በግምት ተይዞ ነበር። ጋሼ ያሉኝ ቃል «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሂሳቡም የእኔ ነው» የሚል ብቻ ነው። የክንዶቹን የሻንሲ ማሰሪያዎች ፈልቅቀው ዝቅ አድርገው እንደገና በየዱ፣ ለስለስ ያሉ ሞላዎች ፈልገው አስገቡ፣ ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አልጠየቁኝም። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በዚያው መንገድ 90 ድረስ ነድቻታለሁ፤ መሪውን ስለቀው በራሱ ወደ መሃል ይመለሳል።

አሁን ወደ አምስት ወር ሆኗታል። ያንኑ አምስት ኩንታል ይዛ ሐረጎን በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ትወጣለች፣ የሙቀቱ ቀስት ከግማሽ አያልፍም፣ በሊትር ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ይህ ሞተር ቱርቦ ስለሌለው ደሴ ላይ ሲደርስ አቅሙ መቀነሱ አይቀርም፤ በራሪ መኪና የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ግን ሲወርዱ ነው። ጭጋግ በበዛበት የክረምት ጠዋት፣ ከፊት ከባድ መኪና፣ ከኋላ ሚኒባስ እያለ ፍሬን ስነካ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ሳትጎተት ቀጥ ብላ ትቆማለች። እናቴን ከሐይቅ ከተማ ዘመድ ጥየቃ ስመልሳት ወገቧን ሳትይዝ ወርዳ «አባትህ ይህን ቢያዩ» አለችኝ።

ቅሬታዬን ደግሞ ሳልሸፍን ልናገር። ሁለት ወር የተባለው ሥራ አራት ወር ወስዷል፤ ከዚህ ውስጥ ወደ አንድ ወር የሚሆነው ቶርኖ ቤት ወረፋ በመጠበቅ የባከነ ነው፣ ይህም ቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነበር። የኤሌክትሪክ ሥራው ከቀረው ጋር አይመጣጠንም፤ ሽቦዎቹ በላስቲክ ብቻ ተጠቅልለው ስለነበር አንደኛው ማርሚታው ላይ ቀልጦ መብራት አጥፍቶብኛል፣ ደሴ ወስጄ እንደገና አሠርቻለሁ። ስለ ወረቀት ማንም አልነገረኝም፦ የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ካልተቀየረ ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፍ አይቻልም፤ ለዚያም የሞተሩ ግዢ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ያስፈልጋል። እኔ ዲክላራሲዮኑን ከሻጩ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ተመላልሻለሁ። ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ወረቀት በእጃችሁ ያዙ።

ከሁሉ የባሰው የጎማው ነገር ነው። አሮጌው አክስል ባለ ስድስት ቡሎን፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ያለው ደግሞ ባለ አምስት ቡሎን ነው። የኋላ አክስሏ የድሮው ስለሆነ አሁን ፊትና ኋላዋ በተለያየ ቸርኬ ነው የሚሄዱት፤ ስለዚህ ሁለት መለዋወጫ ጎማ ይዤ እዞራለሁ፣ አንዱም የእህል ቦታ ይወስድብኛል። ይህን ጋሼ ከመጀመሪያው ነግረውኝ ነበር፣ «የኋላውንም አብረን እንለውጠው» ብለውም ነበር፤ ገንዘብ ለመቆጠብ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

የእጅ ዋጋው ከሞተሩና ከአክስሉ ዋጋ አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ከተሠራው ሥራ አንጻር እጅግ ተመጣጣኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሞተር ብቻ ለማስለወጥ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቀርቦ፣ ደሴም ቢሆን፣ የሚሠራለት አያጣም። የፊት እግር ሥራ ለሚፈልግ ግን ኮምቦልቻ ድረስ ወርዶ፣ ያ ጠመኔ በሲሚንቶ ላይ እስኪነጠብ ታግሦ ቢጠብቅ ይሻለዋል። እኔም የኋላውን አክስል ለማስለወጥ ለጥቅምት ቀጠሮ ይዣለሁ፤ በዚህኛው ዙር ጋሼ ራሳቸው መኪናዋ ከነሙሉ ጭነቷ ሚዛን ላይ ሳትወጣ አንድም ልኬት አልወስድም ብለውኛል።