ከድሬ ሐረር «ቶል» የሚባል ነገር የለም፤ እንዳትከፍሉ

ድሬ ላይ መኪና ኮንትራት የምትይዙ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። አንዳንድ የሚኒባስ ደላሎች ከተስማማችሁበት ዋጋ በላይ «ቶል»፣ ማለትም የመንገድ ክፍያ፣ እያሉ መጨመር ጀምረዋል። ሐረር ስትሄዱም፣ ቁልቢ ስትሄዱም። በደንገጎ ዳገት ወደ ሁለቱም በሚያወጣው መንገድ ላይ የክፍያ ጣቢያ የለም። አንድም።

ጎረቤቴ ከአሜሪካ የመጡ እህቷንና ልጆቻቸውን ሐረር ለማዋል እዚሁ ድሬ ከከዚራ ሰፈር ሚኒባስ ያዘች። ዋጋ ተቆረጠ፣ ቀብድ ተከፈለ። ማታ ሲመለሱ ደላላው «የቶል፣ ደርሶ መልስ» ብሎ በሰው አስልቶ ጠየቀ። በሰው! ቶል የሚከፈለው በመኪና ነው፤ ተሳፋሪ አይቆጠርም። ደረሰኝ ስትለው ከኪሱ የነተበች ወረቀት አወጣ። ተቀብዬ አየኋት። ግማሹ ጽሑፍ ደብዝዟል፤ ቀኑ ግን ይነበባል፣ ያለፈው ወር ነው። መውጫው ደግሞ አዳማ ይላል። አዳማን ከሐረር ምን አገናኘው? ይህን ስጠይቀው ወረቀቷን ተቀብሎኝ ቀሪ ሂሳቡን ብቻ ይዞ ሄደ።

እህትየው ግን ቦርሳቸውን ከፍተው ነበር። አልፈርድባቸውም። የሚኖሩት ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ነው። እዚያ ጎልደን ጌት የሚባለው ድልድይ ወደ ከተማው ሲገባ ያስከፍላል፤ ሲወጣ አያስከፍልም። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእጅ የሚቀበል ሰው እንኳ የለም፤ ካሜራ ታርጋ ያነሳና ሂሳቡ ኋላ ይመጣል። ጣቢያ ሳያይ መክፈል የለመደ ሰው «ቶል አለ» ሲባል ለምን ይጠራጠራል? ደላሎቹም ይህን ያውቃሉ፤ እንግዳ ሲያዩ ነው የሚጠይቁት።

የእኛ አገር እንደዚያ አይደለም። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. ማስከፈል ሲጀምር የነበረው አሠራር ይህ ነው፦ ስትገቡ ካርድ ትቀበሉ፣ ስትወጡ ታስረክቡ ነበር፤ በመኪናው ዓይነትና በተጓዘው ርቀት ይታሰባል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል። ያለ ጣቢያ የሚያልፉበት ነገር አይደለም። መኪናው በየትም ጣቢያ ካላለፈ ማን ከፈለ?

ደላሎቹን የረዳቸው ድሬ የእውነት የክፍያ መንገድ ያላት መሆኑ ነው። እሱ ግን ወደ ደወሌ፣ ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚወስደው ወደ 220 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። አቅጣጫው ሌላ ነው። ሐረር ለመሄድ ማንም በዚያ አይዞርም።

በዚያ መስመር ዕቃ የምታስጭኑ ነጋዴዎችም ተጠንቀቁ። አንድ አይሱዙ ለሦስት ለአራት ስትጋሩ፣ ሾፌሩ ሙሉውን ቶል ከእያንዳንዳችሁ ለየብቻ የሚቀበልበት ጊዜ አለ። መኪናው የከፈለው አንዴ ነው። ዕቃው ሳይራገፍ ደረሰኙን አሳየኝ በሉ። ቀኑን፣ የመኪናውን ዓይነት፣ የገባበትንና የወጣበትን ጣቢያ እዩ። ከዚያ በጫናችሁት ልክ ተካፈሉ። አብረው የጫኑትን ሰዎች ስልክ መያዝ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል፤ ተደዋውላችሁ ስትነጋገሩ ነው ነገሩ የሚወጣው።

ኮንትራት ስትይዙ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት «ሌላ የምትጠይቀኝ ክፍያ አለ?» በሉት። የለም ካለ ቀብድ በተቀበለበት ወረቀት ላይ «ዋጋው ሁሉን ያጠቃለለ ነው» ብሎ ይፈርም። ታርጋውን ፎቶ አንሱ። «አቦ፣ እንተማመን እንጂ!» ይላችኋል። ይበል፤ እናንተ ግን አስፈርሙ።

ለቁልቢ ገብርኤል ከአዲስ አበባ በኮንትራት መኪና የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አንድ ነገር ለይታችሁ ንገሩት። በአዳማው ፈጣን መንገድ ከመጣ የዚያን መንገድ ክፍያ መጠየቁ አግባብ ነው፣ ደረሰኙን አይቶ ይክፈል። ድሬ አድሮ በማግስቱ ወደ ቁልቢ ሲወጣ «እዚህም ቶል አለ» ካሉት ግን ሳንቲም እንዳይሰጥ።