የኒኮሲያው የሌድራ ጎዳና ኬላ፦ ፓስፖርታቸው ለተለያየ ቤተሰቦች የቀረበ ግምገማ

በቆጵሮስ ዋና ከተማ በኒኮሲያ፣ ሱቆችና ካፌዎች በግራና በቀኝ የተደረደሩበት የሌድራ ጎዳና ወደ ሰሜን ሲዘልቅ በእግረኞች ኬላ ላይ ያበቃል። ኬላው የቆጵሮስ ሪፐብሊክ መንግሥት የሚቆጣጠረውን ደቡብ፣ የቱርክ ቆጵሮሳውያን አስተዳደር ከያዘው ሰሜን ጋር ያገናኛል። ለአብዛኛው ጎብኚ ኬላው ፎቶ ተነሥቶ የሚያልፍበት ቦታ ነው። እኔና ባለቤቴ ግን ነዋሪዎች ስለሆንን አዘውትረን እንገለገልበታለን፤ በመሆኑም እንደማንኛውም አገልግሎት ፍጥነቱ፣ የሠራተኞቹ መስተንግዶና የሚሰጠው መረጃ ጥራት ሊመዘን ይገባል ብዬ አምናለሁ። በቤታችን አንደኛው የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ሲይዝ ሌላኛው ከኅብረቱ ውጭ የሆነ አገር ፓስፖርት ይይዛል፤ ይህን ግምገማ የጻፍኩትም እንደኛ ላሉ ቤተሰቦች ነው።

ስለ ፍጥነቱ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ጥሩ ነው። የደቡቡ ፖሊስ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያያል፣ ከዚያ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች የሚጠበቀውን ጠባብ ቀጠና በእግር ማቋረጥ ነው፣ ቀጥሎ የሰሜኑ መስኮት ፓስፖርቱን በኮምፒውተር መዝግቦ ያሳልፋል። እስከ 2015 ድረስ (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሰሜኑ በኩል አንዲት ትንሽ ቅጽ መሙላት ግዴታ ነበር፤ እርሷ ከቀረች ወዲህ ሰልፉ ፈጠን ብሏል። ክፍያ የለም። የሁለቱም ወገን ሠራተኞች በአብዛኛው ትሑታን ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ሲረዝም እንኳ ድምፅ ከፍ ሲያደርጉ እምብዛም አልሰማሁም። ከ1974ቱ የቱርክ ወረራ በኋላ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ሕዝቡ ወዲያና ወዲህ መሻገር ተከልክሎ እንደኖረ፣ የመጀመሪያው በር የተከፈተው በሚያዝያ 2003፣ ይህ የሌድራው ደግሞ በሚያዝያ 3 ቀን 2008 እንደሆነ ለሚያስታውስ ሰው፣ የዛሬው መስተንግዶ ትልቅ ነገር ነው።

ይሁንና የአገልግሎቱ ጥራት የሚወሰነው መስኮቱ ላይ አይደለም። የሚወሰነው ሰውየው ወደ ደሴቲቱ በየትኛው በር እንደገባና የማን የትዳር ጓደኛ እንደሆነ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ተሰልፎ ሲቀርብ እንደ አንድ ቤተሰብ አይታይም፤ አባላቱ በየግላቸው በተለያየ ሕግ ይዳኛሉ።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ሰነድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እርሱም ቆጵሮስ በግንቦት 2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ልትሆን ጥቂት ቀናት ሲቀሯት የወጣው፣ በተለምዶ የአረንጓዴው መስመር ደንብ የሚባለው የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 866/2004 ነው። መላዋ ደሴት ወደ ኅብረቱ ብትገባም፣ የሪፐብሊኩ መንግሥት በማይቆጣጠረው ሰሜናዊ ክፍል የኅብረቱ ሕግ ሥራ ላይ እንዳይውል ታግዷል፤ ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ይህ አረንጓዴ መስመርም የኅብረቱ የውጭ ድንበር ተደርጎ አይቆጠርም። ከኅብረቱ ውጭ የሆነ አገር ዜጋ ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ ለመሻገር ሪፐብሊኩ የሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ፣ ወይም የጸና የጉዞ ሰነድና አስፈላጊ ከሆነም የሪፐብሊኩ ቪዛ ሊኖረው ይገባል። በሰሜን የሚሰጥ የመኖሪያ ፈቃድ በደቡቡ መስኮት ዋጋ የለውም፤ ምክንያቱም በ1983 ነጻነቱን ላወጀው የሰሜኑ አስተዳደር ከቱርክ በቀር ዕውቅና የሰጠ አገር የለም። በአንጻሩ የደቡቡ የመኖሪያ ፈቃድ የሰሜኑን ሹም አያስገድደውም፤ እርሱ በዜግነት የሚለይበት የራሱ የቪዛ ደንብ አለውና ከመሄድ አስቀድሞ ማጣራት ያሻል።

የመግቢያው በር ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። ሪፐብሊኩ በሰሜን ያሉትን የአየርና የባሕር በሮች ከ1974 ጀምሮ የተዘጉ ናቸው ስለሚል፣ በሰሜኑ የኤርጃን አየር ማረፊያ የገባ ሰው በእርሱ ዓይን በሕገ ወጥ መንገድ የገባ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ በዚያ ገብቶም ቢሆን እንዲሻገር ይፈቀድለታል፤ ከኅብረቱ ውጭ የሆነ የትዳር ጓደኛው ግን መስኮቱ ላይ ሊመለስ ይችላል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ ገንዘብ ተቀብሎ የነገረን የዚህን ተቃራኒ ነበር፤ «ጋብቻ ካለ በየትኛውም በር መግባት ይቻላል» ብሎን ነበር። ደግነቱ ትኬቱን ከመቁረጣችን በፊት ደንቡን ራሳችን አነበብነው። በደቡብ ባሉት የላርናካ ወይም የጳፎስ አየር ማረፊያዎች በኩል መግባት ዋጋው ቢበዛም ከጣጣው ይቀላል።

የመኖሪያ ካርዱም ነገር እንደዚሁ ነው። ሌላ የኅብረቱ አገር ዜጋ፣ ለምሳሌ አንድ ጀርመናዊ፣ በደቡብ ቆጵሮስ ሲኖር ከኅብረቱ ውጭ የሆነችው ሚስቱ ስለ ኅብረቱ ዜጎችና ቤተሰቦቻቸው ነጻ እንቅስቃሴ በሚደነግገው የኅብረቱ መመሪያ 2004/38 መሠረት የቤተሰብ አባል ካርድ የማግኘት መብት አላት፤ ካርዱም በመደበኛው ለአምስት ዓመት የጸና ሲሆን ማመልከቻው ከገባ በስድስት ወር ውስጥ መሰጠት አለበት። የቆጵሮሳዊው ሚስት ግን፣ ባሏ በገዛ አገሩ እስከኖረ ድረስ፣ በዚያ መመሪያ አትሸፈንም፤ የምትስተናገደው በአገሪቱ የውጭ ዜጎች ሕግ ነው። የአገሬው ሰው ሚስት ከእንግዳው ሚስት ያነሰ ዋስትና ይዛ ስትገኝ ማየት ለእኔ እስከ ዛሬ ግር ይለኛል። ከሁሉም የሚያስጨንቀው ማመልከቻው ገብቶ ካርዱ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። በእጅ ያለው ደረሰኝ ብቻ ነው፤ ደንቡ ደግሞ ስለ ፈቃድና ስለ ቪዛ እንጂ ስለ ደረሰኝ አይናገርም። እኛ በዚያ ጊዜ ወደ ሰሜን አልተሻገርንም፤ ሌላውም ቤተሰብ ለምሳ ብሎ መመለሻውን አደጋ ላይ እንዲጥል አልመክርም።

ርካሽ የቤት ኪራይ ፍለጋ በሰሜን ለመኖርና በደቡብ ለመሥራት የሚያስቡ ጥንዶችም አሉ። በሰሜን የኅብረቱ ሕግ ስለታገደ፣ በሰሜኗ ከተማ በኪሬንያ የሚኖር የኅብረቱ ዜጋ ለሚስቱ የቤተሰብ አባል መብት ሊጠይቅ የሚችልበት መሬት ላይ አይደለም። የኪራዩ ቅናሽ ይህን አይክስም።

የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ራሱ ከየት እንደወጣም ይጠየቃል። በእስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎች፣ በአገራቸው የሲቪል ጋብቻ ስለሌለ፣ ይህችን ደሴት ይበልጥ የሚያውቋት በላርናካ ማዘጋጃ ቤት በሚፈጸሙ ሠርጎች ይሆናል፤ ያ ወረቀት ችግር የለበትም። በሰሜን የተሰጠ ከሆነ ግን ጉዳዩ ይወሳሰባል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1996 ሎይዚዱ የተባሉ ቆጵሮሳዊት ቱርክን በከሰሱበት ጉዳይ፣ ዕውቅና በሌለው አስተዳደር ሥር የተመዘገበ ልደት፣ ሞትና ጋብቻ ነዋሪውን በሚጎዳ መንገድ ከቁጥር ሊወጣ እንደማይገባ ጠቅሷል። ይህ መርሕ ፍርድ ቤቱ ከሚገኝበት ከስትራስቡርግ ተነሥቶ እስከ ቢሮው ጠረጴዛ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይደክማል።

ትልቁን ሸክም የተሸከሙት ግን እንደኛ ያሉ መጤዎች አይደሉም። ከቱርክ ዜጋ ጋር የተጋቡ የቱርክ ቆጵሮሳውያን ልጆች ናቸው። አባት የሪፐብሊኩ ዜጋ በመሆኑ መታወቂያውን አሳይቶ ያልፋል፤ በሰሜን በኩል የገባችው ቱርካዊት እናት አታልፍም፤ ልጁም ዜግነቱ በራሱ አይጸናለትም፤ ምክንያቱም የሪፐብሊኩ ሕግ፣ ከወላጆቹ አንዱ በሕገ ወጥ መንገድ የገባ ወይም የኖረ ከሆነ፣ ጉዳዩን ወደ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ ይመራዋል። በደሴቲቱ ተወልዶ፣ አያቶቹም በደሴቲቱ ተወልደው፣ የአጎቱ ልጆች የአውሮፓ ፓስፖርት ይዘው ሲማሩ እርሱ ውሳኔ የሚጠብቅ ወጣት ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ኒኮስ ክሪስቶዱሊዲስ በጥር 2024 ለቱርክ ቆጵሮሳውያን ይፋ ባደረጓቸው 14 እርምጃዎች ውስጥ የእነዚህን ልጆች ማመልከቻ መመልከት አንዱ ነበር። እርምጃው የዘገየ ቢሆንም ከዝምታ ይሻላል፤ ልጅን በእናቱ የመግቢያ በር መዳኘትን ግን ሕጉ ራሱ ካልተለወጠ አያስቀረውም።

የተከፋፈለ ደሴት ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ፈረንሳይና ኔዘርላንድ በሚጋሩት በካሪቢያኑ ቅዱስ ማርቲን፣ ከ1648ቱ ስምምነት ጀምሮ ሕዝቡ በነጻ ይንቀሳቀሳል፤ በመሃል ኬላ የለም። የመኖሪያ ፈቃዱ በሁለቱ ወገን የተለያየ ቢሆንም ቢያንስ ለገበያ የሄደች እናት በመስኮት አትጠየቅም።

መረጃን በተመለከተ ለሌድራ ኬላ ዝቅተኛ ነጥብ እሰጣለሁ። የዕቃው ገደብ (ወደ ደቡብ ሲመለሱ 40 ሲጋራ፣ አንድ ሊትር ጠንካራ መጠጥ፣ ዋጋቸው እስከ 260 ዩሮ የሆነ ሌሎች ዕቃዎች) ቢጠየቅ ሠራተኞቹ ያውቁታል። ስለ ቤተሰብ ካርድና ስለ ደረሰኝ ሲጠየቁ ግን አንደኛው ተረኛ የሚለውና ሌላው የሚለው አይገጥምም፤ በጽሑፍ የተለጠፈ ነገርም አላየሁም።

በመኪና መሻገር የፈለገ ወደ ሌላው የኒኮሲያ ኬላ፣ ወደ አዮስ ዶሜቲዮስ ይሂድ። የደቡቡ ኢንሹራንስ በሰሜን ስለማይሠራ እዚያው ኬላው ላይ የሦስተኛ ወገን ሽፋን መግዛት ግዴታ ነው፤ የኪራይ መኪና ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ አከራዮች መሻገርን ይከለክላሉና ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ይበጃል። በሥራ መውጫ ሰዓት ሰልፉ ትዕግሥት ይፈታተናል።

በጥቅሉ ለሌድራ ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ሁሉም አባላቱ የኅብረቱ ፓስፖርት ያላቸው ቤተሰብ አምስት ቢሰጠው አልከራከርም። የቤተሰብ ካርድ በእጁ የገባለት በማለዳ ቢሄድ ይመቸዋል፤ ለሕፃናትም የየራሳቸውን ፓስፖርት ይያዝ፤ ኦሪጅናሉ እንጂ ፎቶ ኮፒው አያሻግርም።