ወርቃማው ኢዮኒመስ፦ ተክሉ ጥሩ፣ መለያ ወረቀቱ ጎዶሎ

ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ሳያረግፍ ወርቃማ መልክ የሚሰጥ ቁጥቋጦ በቤቱ ግቢ ሊተክል ለሚፈልግ ሰው፣ በችግኝ መሸጫዎች ከሚቀርቡት አማራጮች መካከል ኢዮኒመስ ጃፖኒከስ፣ በተለይም «ኦቫተስ አውሬየስ» የሚል የዝርያ ስም የያዘው፣ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ተክል ነው። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። የጎደለው አንድ ኮከብ የተክሉ ጥፋት ሳይሆን ግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ የሚመጣው የመለያ ወረቀት ነው። ወረቀቱ «ለእንክብካቤ ቀላል፣ ለፀሐይም ለጥላም የሚስማማ» ይላል፤ የዚህ አባባል ግማሹ እውነት ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ ገዢው ወርቅ ገዝቶ አረንጓዴ እንዲያሳድግ የሚያደርግ ነው።

ተክሉ በተፈጥሮ የሚገኘው በጃፓን፣ በኮሪያና በቻይና ሲሆን፣ የዱሩ ዓይነት ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ወርቃማዎቹ ከዚያ መካከል ተመርጠው የወጡ ናቸው። «ኦቫተስ አውሬየስ» ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ሞላላ ቅጠል ያለው፣ መሐሉ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ሰፊ ቢጫ የሆነ ዓይነት ሲሆን፣ ለጋው ቅጠል ሲወጣ ቢጫው ከሁሉም ጊዜ ይልቅ ይደምቃል። እድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ ሳይገረዝ ቢተው ከብዙ ዓመታት በኋላ ከ1.5 እስከ 2.5 ሜትር ይደርሳል። የብሪታኒያው ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ ለአትክልት ስፍራ ብቁ ናቸው ብሎ ከሸለማቸው ዕፅዋት አንዱ ይኸው ዓይነት ነው። ስሙ የሚመሳሰለውና «አውሬየስ» ብቻ ተብሎ የሚሸጠው ግን ቢጫው በጠርዙ ሳይሆን በቅጠሉ መሐል ላይ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ሲታይ የበለጠ ዓይን ቢስብም ወደ አረንጓዴነት የመመለስ ዝንባሌው የበረታ ስለሆነ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ከቀረቡ ጠርዙ ቢጫ የሆነውን መውሰድ ይሻላል።

ስለ ብርሃን ወረቀቱ የሚሰጠው ምክር ተክሉን የማይገድል፣ ነገር ግን የተገዛበትን ምክንያት የሚያጠፋ ነው። ኢዮኒመስ በጥላ ሥር ይኖራል፤ ወርቁ ግን በጥላ ሥር አይቆይም። የቅጠሉ ቢጫ ክፍል ክሎሮፊል የሌለው ወይም እጅግ ያነሰው በመሆኑ ለተክሉ ምግብ የሚያዘጋጅለት አረንጓዴው ክፍል ነው። ብርሃን ባነሰ መጠን ቢጫው እየደበዘዘ፣ ቅርንጫፎቹም ወደ ብርሃን እየተለጠጡ ይሳሳሉ። ስለዚህ በቀን ቢያንስ ለግማሽ ቀን ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ሊመረጥለት ይገባል። እጅግ በሚሞቅ አካባቢ ከቀትር በኋላ ያለው ፀሐይ በግድግዳ ነጸብራቅ ታግዞ ሲመጣ ብቻ የቅጠሉ ጠርዝ ሊቃጠል ስለሚችል፣ እዚያ የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል።

ወረቀቱ ጨርሶ ያላነሳው ትልቁ ጉዳይ ደግሞ የመመለስ ጠባዩ ነው። ይህ ተክል በአንድ አካል ውስጥ አረንጓዴ የሚያደርጉና ቢጫ የሚያደርጉ ሕዋሳትን በየንብርብሩ ይዞ የሚያድግ ነው፤ ከአንድ እንቡጥ ላይ አረንጓዴዎቹ ብቻ ተነጥለው ሲበቅሉ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነ ቅርንጫፍ ይወጣል። ይህ ቅርንጫፍ ክሎሮፊሉ ሙሉ ስለሆነ ከወርቃማዎቹ ፈጥኖ ይረዝማል፣ ይወፍራል፣ ውሃውንና ማዕድኑንም ይሻማል። ችላ ከተባለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቁጥቋጦው በአብዛኛው አረንጓዴ ሆኖ ወርቁ በታችኛው ክፍል ብቻ ተበታትኖ ይቀራል፤ በየአጥሩ የምናያቸው «ቀለማቸው የጠፋ» ኢዮኒመሶች አብዛኞቹ ታሪካቸው ይህ ነው። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ጊዜውን መጠበቅ ይፈልጋል። አረንጓዴው ቅርንጫፍ እንደታየ ጫፉን መከርከም ሳይሆን ከበቀለበት መነሻ፣ ወርቃማው ቅጠል ካለበት ግንድ ድረስ ወርዶ በስለታም መቀስ መቁረጥ ያስፈልጋል። ጫፉን ብቻ መከርከም ከአንዱ አረንጓዴ ፋንታ ብዙ አረንጓዴ ይጋብዛል። አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒው ይከሰትና ሙሉ በሙሉ ቢጫ የሆነ ለጋ ይወጣል፤ ለዓይን ያምራል እንጂ ራሱን መመገብ ስለማይችል ለብቻው ተቆርጦ ቢተከል አይዘልቅም።

አተካከሉ ብዙ የሚባልለት አይደለም። ጉድጓዱ ከሥሩ ድቡልቡል ስፋት ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ጥልቀቱ ግን ተክሉ በፕላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት አይለፍ። በግዢ ጊዜ ሥሩ በፕላስቲኩ ዙሪያ ተጠምዞ ከተገኘ በጣት ፈታ ፈታ ማድረግ፣ ካልፈታም በጎኑ ላይ በቢላ ስስ ጭረት ማውጣት ሥሩ ወደ ውጭ እንዲያመራ ይረዳዋል። የአፈር ዓይነት አያስመርጥም፤ አሸዋማም ሸክላማም ይቀበላል፤ የባሕር ዳርቻ ጨዋማ ነፋስና የከተማ ጭስም እምብዛም አይጎዱትም። የማይታገሠው አንድ ነገር ውሃ የሚያቁር ቦታን ነው። ከተተከለ በኋላ ባለው የመጀመሪያው ዓመት በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ ይልቅ የላይኛው አፈር ሲደርቅ በጥልቀት ማጠጣት፣ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር የሚሆን ጉዝጓዝ ማልበስ፣ ጉዝጓዙንም ከግንዱ ራቅ ማድረግ በቂ ነው። ለአጥር ከተፈለገ በችግኞቹ መካከል ከ45 እስከ 60 ሴንቲሜትር መተው ይመከራል። ቶሎ እንዲገጥም በሚል አቀራርቦ መትከል ቀጥሎ ለማነሳው ችግር በር ይከፍታል።

ችግሩ ሁለት መልክ አለው፣ ሁለቱም በቅጠሉ ላይ ነጭ ሆነው ስለሚታዩ ብዙ ሰው አንዱን ለሌላው መድኃኒት ይረጫል። የመጀመሪያው አመዳይ መሰል የፈንገስ በሽታ ነው። ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በጣት ሲዳሰስም ይጠረጋል። ብዙ ፈንገሶች ለመብቀል የረጠበ ቅጠል ሲፈልጉ ይህኛው የአየሩ እርጥበት ብቻ ስለሚበቃው፣ ጥላ በበዛበትና አየር በማይዘዋወርበት ጥቅጥቅ ያለ አጥር ውስጥ ይበረታል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያም ለስላሳ ለጋ ስለሚያበዛ በሽታውን ያግዛል። የተጎዱትን ቅርንጫፎች ቆርጦ ማስወገድ፣ የመሐሉን ቅርንጫፍ ማሳሳትና ብርሃን እንዲገባ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ከፀረ ፈንገስ መርጫ በፊት ሊሞከር የሚገባው ነው።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። ስኬል የሚባለው ቅርፊት ለበስ ተባይ፣ ከእነዚህም መካከል በኢዮኒመስ ስም የሚጠራው ዩናስፒስ ኢዮኒሚ፣ ይህን ተክል ለይቶ ያጠቃል። ነጭ ሆነው በቅጠሉ ላይ የሚታዩት ቀጭንና ረዘም ያሉት ወንዶቹ ናቸው፤ ሴቶቹ ቡናማ ሆነው በግንዱ ላይ ስለሚለጠፉ ከቅርፊቱ ለመለየት ያስቸግራሉ። እንደ አመዳዩ በጣት አይጠረጉም፤ በጥፍር ሲፋቁ ይነሳሉ። መኖራቸውን አስቀድሞ የሚያሳብቀው በቅጠሉ የላይኛው ገጽ ላይ የሚታይ ጥቃቅን ቢጫ ነጠብጣብ ነው፣ ሆኖም ቅጠሉ አስቀድሞም ቢጫ በሆነ ተክል ላይ ይህን ማስተዋል ከአረንጓዴው ይልቅ ይከብዳል። በዚህም ምክንያት ችግኙ ሲገዛም ሆነ ከተተከለ በኋላ የታችኛዎቹን ቅጠሎች እየገለበጡ ማየት ግዴታ ነው። ያደገው ተባይ በቅርፊቱ ስለሚጠበቅ መርጫ እምብዛም አይደርስበትም፤ ውጤት የሚገኘው እንቁላሉ ተፈልፍሎ ጫጩቶቹ ገና ቅርፊት ሳይለብሱ በቅርንጫፉ ላይ በሚሳቡበት ወቅት ለዕፅዋት በተዘጋጀ ዘይት ቅጠሉን ከላይም ከታችም በማዳረስ ነው። ዘይቱ ተባዩን የሚገድለው ሸፍኖ በማፈን ስለሆነ ያልነካው ተባይ አይሞትም። በጠራራ ፀሐይ ወይም ውሃ በተጠማ ተክል ላይ ግን አይረጭም፤ ቅጠሉን ያቃጥላል። ክፉኛ የተወረረን ቁጥቋጦ ወደ ግንዱ አስጠግቶ ቆርጦ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ ይቻላል፣ ኢዮኒመስ ከባድ ግረዛን የሚቋቋም በመሆኑ።

ወረቀቱ ሳይጠቅሰው ሊታለፍ የማይገባው ሌላው ነገር መርዛማነቱ ነው። ቅጠሉም ፍሬውም ከተበላ ማስታወክና ተቅማጥ ያስከትላል፤ ከሐምራዊ ሽፋኑ ውስጥ የሚወጣው ብርቱካናማ ፍሬ ደግሞ የሕፃን ዓይን የሚስብ ነው። አበባውና ፍሬው ለጌጥነቱ የሚጨምሩት ነገር ትንሽ ስለሆነ፣ ልጆች ወይም የቤት እንስሳት ባሉበት ግቢ አበባው እንዳለፈ መግረዝና ፍሬ እንዳይዝ ማድረግ ምንም አያጎድልበትም።

ከሌሎች ወርቃማ ቁጥቋጦዎች ጋር ሲወዳደር ቦታውን የሚያስከብርለት ቋሚነቱ ነው። «ሰንዳንስ» የሚባለው ቾይዝያ መዓዛ ያለው ነጭ አበባ ስላለው በውበት ይበልጠው ይሆናል፤ ነገር ግን በኃይለኛ ፀሐይ ቅጠሉ ይነጣል፣ በጥላ ደግሞ ወደ ሎሚ አረንጓዴ ይለወጣል። ወርቃማው ሊገስትረም ለአጥር ፈጣን ሲሆን ብርድ ሲጠና ቅጠሉን ያረግፋል፣ ይህም ዓመቱን ሙሉ ልምላሜ ለሚፈልግ ሰው ትርጉም የለውም። «ባገሰንስ ጎልድ» የተባለው ሎኒሴራ ቅጠሉ ደቃቅና ቅርጽ ለማስያዝ የተመቸ ነው፣ ሆኖም መቀስ ከእጅ አያስቀምጥም። ያለው ቦታ ጥላ ብቻ ከሆነ ግን ኢዮኒመስን ትቶ ቢጫ ነጠብጣብ ያለውን አውኩባ መግዛት ነው የሚሻለው።

መሬት ለሌለው ሰው በአበባ ማሰሮ ውስጥም በሚገባ ያድጋል፤ ዝግ ያለ እድገቱ እዚህ ጥቅም ይሆናል። ማሰሮው ከሥሩ ቀዳዳ ያለው፣ ቢያንስ 40 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ይሁን፤ ከመሬት ላይ ካለው ይልቅ ቶሎ ስለሚደርቅ ውሃው ሊዘነጋ አይገባም፤ በሁለትና በሦስት ዓመት አንዴም አፈሩ ሊታደስለት ይገባል። ብዛት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ሁለተኛ መግዛት የግድ አይደለም። ከፊል የጠነከረ የዓመቱ እድገት ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ያህል ተቆርጦ፣ የታችኛዎቹ ቅጠሎች ተነቅለው፣ አሸዋ በተቀላቀለበት እርጥብ አፈር ውስጥ በጥላ ቢቀመጥ ሥር ለማውጣት አያስቸግርም። ፍሬው ወርቁን ስለማያወርስ መባዛት ያለበት በዚህ መንገድ ብቻ ነው፤ የሚቆረጠውም ቁራጭ በእያንዳንዱ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ጠርዝና አረንጓዴ መሐል እኩል ጎልተው ከሚታዩበት ቅርንጫፍ ይሁን።