የመጀመሪያው የጠላቂ ሰዓቴ ከ14 ወር በኋላ

ይህን ለውሃ ጠላቂዎች የተሠራ የእጅ ሰዓት ከገዛሁ 14 ወር ሆነኝ። በእነዚህ ወራት አንድ ጊዜ ውሃ አስገብቷል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ በቀን 40 ሰከንድ እየቀደመ ግራ አጋብቶኛል። ሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ በአመዛኙ የእኔ ነበር። ገና እያጠራቀመ ላለና ምን ልግዛ እያለ ለሚያሰላስል ሰው ይጠቅም እንደሆነ የሆነውን እጽፋለሁ። የሰዓቱን ስም ግን አልጠራም፤ ያገለገለ ሰዓት ስለገዛሁ የደረሰበትን ሁሉ በሠሪው ላይ ማላከክ ተገቢ አይመስለኝም። ልኩን ልንገራችሁ፦ ስፋቱ 39 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር፣ ማሰሪያው ከሚያያዝበት ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ 47 ሚሊሜትር ነው። ኦቶማቲክ ነው፣ ማለትም ያለ ባትሪ በእጅ እንቅስቃሴ ይሞላል፤ እስከ 200 ሜትር ውሃ ይችላል። መስታወቱ ሰንፔር፣ በመስታወቱ ዙሪያ የሚዞረው ቀለበት ላይ ያለው ጥቁር ንጣፍ አሉሚኒየም ነው። የወሩን ቀን አያሳይም።

ገንዘቡን ለማጠራቀም አንድ ዓመት ተኩል ፈጅቶብኛል። እንዲህ ያለ ገንዘብ አንዴ ከወጣ ቶሎ አይተካም። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት የድሮ ሰዓቶቼን ሲጠግኑልኝ ወደኖሩ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ሄጄ ያለኝን መጠን ነገርኋቸውና ምን እንደምገዛ ጠየቅኋቸው። ዓይናቸው ላይ ያለውን ማጉያ ሳያወልቁ፣ «ልጄ፣ ያለህን ሁሉ ለሰዓቱ ከሰጠህ ለእኔ ምን ልትሰጠኝ ነው?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ኦቶማቲክ ሰዓት በየጥቂት ዓመቱ ተፈትቶ መታጠብና ዘይት መቀባት አለበት። ውሃ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ውሃውን የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች ከዚያም ቀድመው ይደርቃሉ። የታወቀ ስም ያለው ሰዓት መለዋወጫው ውድ ነው፤ የሚፈታውም ሰው እንደዚያው። ቤቴ ተመልሼ ገንዘቤን አምስት ቦታ ከፈልሁና አንዱን እጅ ለብቻው አስቀመጥሁ። መምረጥ የጀመርሁት በቀረው አራት እጅ ነው። ሁለት እጅግ የወደድኋቸው ሰዓቶች ያን ዕለት ከዝርዝሬ ወጡ፤ አኩርፌ አደርሁ።

ጀማሪን የሚያሳስተው ገጹ ላይ የተጻፈው የጥልቀት ቁጥር ነው። 300 ከ200 ይበልጣል፣ 600 ከሁለቱም ይበልጣል፤ እኔም ቁጥሩን እንደ ጨረታ ሳሳድድ ሰነበትሁ። ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ወሰኑ ግን 40 ሜትር ነው፤ ጀማሪ 18 ሜትር ላይ እንዲቆም ይነገረዋል። ከቁጥሩ ይልቅ መጠየቅ ያለበት ሰዓቱ አይኤስኦ 6425 የተባለውን የጠላቂ ሰዓቶች መስፈርት ማሟላቱ ነው። መስፈርቱ ቢያንስ 100 ሜትር ይጠይቃል። እያንዳንዱ ሰዓት ከተጻፈበት ጥልቀት 25 በመቶ በሚበልጥ ግፊት መፈተን አለበት፤ በድቅድቅ ጨለማም ከ25 ሴንቲሜትር ርቀት መነበብ አለበት። ተራ ሰዓት ግን በናሙና ቢፈተን ይበቃዋል። በአንዳንድ ሰዓቶች ጎን ላይ ያለችውን የሂሊየም ማስወጫም እንዲሁ ሳደንቃት ኖሬአለሁ። ሥራዋ ለቀናት ሂሊየም በተሞላ ክፍል ውስጥ እየኖሩ በጥልቅ ባሕር ለሚሠሩ ጠላቂዎች ነው። ጋዙ ወደ ሰዓቱ ሰርጎ ይገባና ግፊቱ ሲቀንስ መስታወቱን ሊያስፈነጥረው ስለሚችል በእርሷ በኩል ይወጣል። እኔ ሂሊየም የማውቀው በፊኛ ውስጥ ነው።

በዚህ የዋጋ ደረጃ ያለ ሰው የሚያያቸውን ሁሉ አይቻለሁ (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሴይኮ በ1965 የሠራውን የመጀመሪያ የጠላቂ ሰዓቱን መልክ ይዞ በ2020 ያወጣው 40.5 ሚሊሜትር ሰዓት ከሁሉም ለአቅሜ የቀረበ ነበር። የኦሪስ ዳይቨርስ ሲክስቲ ፋይቭ መልኩ ልቤን ወስዶት ነበር፤ ውሃ የሚችለው 100 ሜትር ነው፣ ይህም ለእኔ ከበቂ በላይ ነው። የሎንጂን ሃይድሮኮንኩዌስት 300 ሜትር ይችላል። በ2018 የወጣው ባለ 39 ሚሊሜትር የቱዶር ብላክ ቤይ ፊፍቲ ኤይት ያገለገለውም ቢሆን ከአራቱ እጅ ወጣ። የኦሜጋን ሲማስተር ያነሣሁት ለዓይን አምሮት ያህል ነው።

መጨረሻ ላይ የለየልኝ ግን ካርቶን ነው። የእያንዳንዱን ሰዓት ስፋትና ርዝመት በካርቶን ላይ ለክቼ ቆረጥሁና በክር አስሬ ቤት ውስጥ ዋልሁ። የእጄ አንጓ ዙሪያው 16 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። 50 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ካርቶን ጫፎቹ ከእጄ አልፈው ወጡ፤ እጄን ባጠፍሁ ቁጥርም እጅጌዬን ያዘኝ። የሚለካው ስፋቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እጅ ላይ የሚቀመጠው ግን ርዝመቱ ነው፤ ከ48 ሚሊሜትር የሚረዝመውን ሁሉ ያን ቀን ተሰናበትሁት።

የገዛሁት ያገለገለ ነው አልሁ፤ ባለቤቱ ሦስት ዓመት አድርጎታል። ወረቀቱ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ከሰዓቱ ጋር አመሳከርሁ። የብረቱ ጠርዝ ስለታም መሆኑን አየሁ፤ ብዙ ጊዜ የተሞረደ ሰዓት ጠርዙ እንደ ሳሙና ይሟሟል። ቀለበቱን አዞርሁት። አንድ ነገር ግን በቃል አለፈኝ፦ «ውሃ ተፈትኗል» አለኝ፣ መቼና በማን ብዬ አልጠየቅሁም። ውስጤ ቸኩሎ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የለቀምሁት በአራተኛው ወር ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሰዓቱን ለማስተካከል በጎኑ ያለውን መሙያ ፈታሁ። የዚህ ዓይነት ሰዓት መሙያ እንደ ብሎን እየዞረ ይጠብቃል፤ ካልጠበቀ 200 ሜትር የሚለው ጽሕፈት ባዶ ቃል ነው። ወደ ውስጥ ገፋሁት፣ ሳላጠብቀው ወጣሁ፣ ከሰዓት በኋላ መዋኛ ገንዳ ገባሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዋኘሁ። ማታ ንፋስ ላይ ስቆም ከመስታወቱ በታች ስስ ጉም ተጋረደ። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። በማግስቱ ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ነበርሁ። ሽማግሌው ከፍተው አደረቁት። ዝገት ገና አልጀመረም ነበር፤ የባሕር ውሃ ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር አሉ። ከዚያ የመሙያውን የጎማ ቀለበት በመቆንጠጫ አንሥተው አሳዩኝ፦ ጠፍጣፋና ደረቅ፣ ሲነካ የሚሰበር። «ብታጠብቀውም ብዙ አይቆይም ነበር» አሉኝ። ስለዚህ ጥፋቱን እኔና ያ «ተፈትኗል» የሚል ቃል ተካፈልነው።

ጎማዎቹ ሁሉ ተለወጡ፣ ማሽኑ ታጠበ፣ በግፊት ተፈተነ። ከዚያ ደግሞ አንድ ሌላ ፈተና አሳዩኝ። ሰዓቱን 40 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ሳህን ላይ አስቀመጡ። ሲሞቅ መስታወቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አደረጉና ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጠረጉት። ውስጥ እርጥበት ካለ ቀዝቃዛዋ ቦታ ሥር ጉም ይቋጥራል። አልቋጠረም። ክፍያው ለብቻ ካስቀመጥሁት አምስተኛ እጅ ላይ ከግማሽ በላይ ወሰደ። ያ ገንዘብ ባይኖር ኖሮ ሰዓቱ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ እየዛገ ነበር፤ ይህን ያህል እርግጠኛ ነኝ። ከእንግዲህ በየዓመቱ አስፈትነዋለሁ። ሙቅ ሻወር ይዤው አልገባም፤ ሙቀቱና ሳሙናው ጎማውን ይጎዱታል።

የመቅደሙ ነገር ቀላል ነበር። ከሽማግሌው እጅ ከወጣ በኋላ በቀን 5 ሰከንድ ይቀድም ነበር። ለመካኒካል ሰዓት ይህ ደህና ነው፤ በትክክለኛነቱ ተፈትኖ ላለፈ ሰዓት የሚሰጠው የስዊስ የክሮኖሜትር ምስክር ወረቀት እንኳ በቀን ከ4 ሰከንድ ወደኋላ እስከ 6 ሰከንድ ወደፊት ይፈቅዳል። በዘጠነኛው ወር በድንገት 40 ሰከንድ ሆነ። ማታ ማታ ማግኔት ባለው የታብሌት ሽፋን ላይ አስቀምጠው ነበርና የማሽኑ ቀጭን ሞላ ማግኔት ይዟል፤ ጠመዝማዛዎቹ ሲጣበቁ ሞላው ያጥራል፣ ሰዓቱም ይፈጥናል። ማግኔት ማጥፊያ መሣሪያ ላይ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ዳነ። አሁን ማታ በጎኑ አስተኛዋለሁ። በዚያ አኳኋን ትንሽ ስለሚዘገይ ቀን የቀደመውን ይመልስልኛል። እርግጥ ነው፣ ርካሽ የባትሪ ሰዓት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ሆኖ ይበልጥ በትክክል ይቆጥራል። ሰዓት ማወቅ ብቻ የሚፈልግ ያንን ይግዛ።

እኔን በየቀኑ የሚያስደስተኝ የሚዞረው ቀለበት ነው። ብላንፓን ፊፍቲ ፋዘምስን፣ ሮሌክስም ሰብማሪነርን በ1953 ሲያወጡ የሰዓቱን ዋና ቁም ነገር እዚያ ላይ አስቀምጠዋል። ቀለበቱ ላይ ያለውን ሦስት ማዕዘን ከደቂቃ ቆጣሪው አንጻር ካዋልኸው ያለፈውን ደቂቃ ቀለበቱ ይነግርሃል። የሚዞረው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፦ ነገር ነክቶት ቢንቀሳቀስ ያለፈውን ጊዜ አብዝቶ ያሳይ እንደሆነ እንጂ አያሳንስም፤ ጠላቂው ቢሳሳትም ቀድሞ ይወጣል። እንዲህ ያለ ስለሰው ያሰበ ብረት ብዙ አላየሁም። እኔ ምድጃ ላይ ለጣድሁት ድስት፣ ለስብሰባ፣ ለልጆች የጨዋታ ሰዓት ሁሉ አዞረዋለሁ። ስልክ ከኪስ አውጥቶ ከመፈለግ ይፈጥናል፤ መልእክት አይቶ ሌላ ነገር ውስጥ ከመግባትም ያድናል።

በአሥራ አንደኛው ወር በእርግጥ ይዤው ጠለቅሁ፤ እስከ 12 ሜትር። ጥልቀቱንና ጊዜውን የሚቆጥርልኝ የጠላቂ ኮምፒውተር ነበር፤ ሰዓቱ ሁለተኛ ምስክር ነው። ቀለበቱ ላይ ያለችው ቀይ ሦስት ማዕዘን እየወረድን ስንሄድ አመድማ ሆነች፤ ውሃ ከብርሃን ቀለማት ቀይን ቀድሞ ይውጣልና። ነጩ ገጽታ ግን እንደ ቀን ይነበብ ነበር። በጨለማ የሚያበራው ቀለም ማታ ሲተኙ ደማቅ ነው፣ ሌሊት ሲነቁ ደብዛዛ፤ እስኪነጋ ግን ይነበባል።

ቅሬታዎቼን በአጭሩ ልንገራችሁ። የብረት ማሰሪያው መቆለፊያ በቀላሉ የሚላላ አይደለም፤ ሦስት ቀዳዳዎች አሉት፣ ለመለወጥ መርፌ የመሰለ መሣሪያ ይፈልጋል። በሙቀት እጅ ያብጣል፤ ከቀትር በኋላ ማሰሪያው ያንቀኛል፣ ማታ ደግሞ ይንሸራተታል። ለሴራሚክ ቀለበት የሚከፍል ሰው ያንን ገንዘብ በጣት የሚላላ መቆለፊያ ባለው ሰዓት ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። የአሉሚኒየሙ ንጣፍ ከበር ጠርዝ ጋር ተላትሞ 25ኛው ደቂቃ ላይ ተጭሯል። ሴራሚክ ቢሆን አይጫርም ነበር፤ ከተሰነጠቀ ግን ዋጋው ሌላ ነው። የሰንፔሩ መስታወት አንድ ጭረት የለበትም። የቀን ማሳያ አለመኖሩን «ንጹሕ ገጽ» እያልሁ አሞግሰው ነበር፤ ቅጽ በሞላሁ ቁጥር እቆጭበታለሁ።

የተጠራቀመው ኃይል 70 ሰዓት ያህል ይቆያል። ዓርብ ማታ ያወለቅሁት ሰኞ ጠዋት እየሠራ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ ይህን ቁጥር ከምንም አልቆጠርሁትም ነበር፤ አሁን ከ300 ሜትርም ከሴራሚክም በፊት የምጠይቀው እርሱን ነው።

ባለፈው ሳምንት የብረቱን ማሰሪያ አውልቄ በጎማ ለወጥሁት። ሰዓቱ ቀለለ፤ የቀትሩ ማነቅም ቀረ። አምስተኛውን እጅ እንደገና መሙላት ጀምሬአለሁ፤ የሚቀጥለው የውሃ ፈተና ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ ሽማግሌውም «ያለ ቀጠሮ እንዳትመጣ» ብለውኛል።