ቴስተሩን እጄ ላይ ላስያዙኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን ነው። የመኪናዬን ችግር አገኙልኝ ብል ግማሹን ብቻ መናገሬ ነው፤ እኔው ራሴ እንዳገኘው አድርገውኛል። ስማቸው እንዲጠራ ስላልፈቀዱልኝ ሁልጊዜ እንደምጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ በተለይም እንደ እኔ በገዛ እጃችሁ መጠገን እየተማራችሁ ያላችሁ ሁሉ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ፈልጋችሁ ያዙ።

መኪናዬ 26 ዓመቷ ነው። ባለ 4 ሲሊንደር፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ናት። ስገዛት አብሯት የመጣ አንድም የጥገና ወረቀት አልነበረም። ዓላማዬ መንዳት ብቻ ሳይሆን መማርም ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ወራት የሞተር ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ ካንዴላ አውጥቶ ክፍተቱን መለካት፣ የአየር ማጣሪያ ማጽዳት ተለማመድኩ። እነዚህን ስሠራ ልቤ ይሞላ ነበር። ከዚያ ግን መነሣት አስቸገረች።

አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ እያቃሰተ፣ ቀስ ብሎ ዞሮ ተነሣ። በማግስቱ አንድ ጊዜ «ጠቅ» አለና ዝም። በሦስተኛው ቀን ምንም እንዳልነበረባት ወዲያው ተነሣች። እንዲህ ያለ የሚመጣና የሚሄድ ችግር ሰውን ያደክማል፤ ለባለሙያ ልታሳዩት ስትወስዱት ይጠፋል፣ ለብቻችሁ ስትሆኑ ይመለሳል። አንድ ጋራዥ ባትሪውን ቀየረልኝ፤ ለሁለት ሳምንት ደህና ሆና እንደገና ጀመራት። ሌላ ጋራዥ ሞተሩን ለማስነሣት የሚያዞረውን ሞተሪኖ አውርዶ ካርቦኑን ቀይሮ መለሰው፤ አሁንም ያው ነው። ሦስተኛው «ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ካልተቀየረ አይሆንም» አለኝ። ከሦስቱ አንዱም ይህን ከመወሰኑ በፊት የሆነ ነገር ሲለካ አላየሁም። እኔም ከመጻሕፍት እንዳነበብኩት ቮልትና ተቃውሞ በሚለካው ቴስተር የባትሪ ገመዶቹን ተቃውሞ በኦም ለክቼ ደህና ናቸው ብዬ ደምድሜ ነበር። ይህን መደምደሚያዬን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጋሼን የጠቆመኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የመጡ ዕለት የመሣሪያ ሣጥናቸውን ሳይከፍቱ ከመኪናዋ አጠገብ ቆመው ጠየቁኝ። መቼ ጀመራት? ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ቁልፉን ስታዞሪ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል ወይስ እንደበራ ይቆያል? ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን ተነክቶ ነበር? የተቀየሩትን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። ባትሪውን ወይም ሞተሪኖውን የቀየሩትን ሰዎች በክፉ አላነሡም። «እንግዲህ ሁለቱ አዲስ ከሆኑ በመካከላቸው ያለውን መንገድ እንየው» ብለው ቴስተሩን አውጥተው እኔ እጅ ላይ አስቀመጡት።

ሞተሩ ሳይነሣ እንዲዞር የማቀጣጠያውን ኮይል ሶኬት ነቀልን። «እኔ ቁልፉን አዞራለሁ፣ አንቺ ቁጥሩን ጮክ ብለሽ አንብቢ» አሉኝ። መጀመሪያ ሁለቱን የቴስተሩን ጫፎች ባትሪው ራስ ላይ አደረግኩ። ቁልፉ ሳይዞር 12.6 ቮልት፤ ሞተሩ እየዞረ 10.8። «ባትሪሽ ጤነኛ ነው፤ በዚህ ጭነት ከ9.6 በታች ካልወረደ አትጠርጥሪው» አሉ። ቀጥሎ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ቡሎን ለካሁ፤ 0.2። በመጨረሻ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ጫንኩና እንዲያዞሩት ነገርኳቸው።

1.9።

ቁጥሩን ሳነብ ድምፄ ተለወጠ። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ያለው አንድ ገመድ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ መካከል ሊታይ የሚገባው ቁጥር ዜሮን የተጠጋ ነው፤ ቢበዛ 0.2 ወይም 0.3። «አሁን ደምሪና ቀንሺ» አሉኝ። ከ10.8 ላይ 0.2 እና 1.9 ሲቀነስ 8.7 ይቀራል። ያ ሁሉ ጊዜ አዲስ ባትሪ እና የታደሰ ሞተሪኖ ይዤ ስቸገር፣ ሞተሪኖው በእጁ የሚደርሰው 8.7 ቮልት ብቻ ነበር። 1.9ኙ ደግሞ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ገመድ፣ የማሳ ገመድ በሚባለው ላይ ሙቀት ሆኖ እየጠፋ ነበር።

ታዲያ በኦም ስለካው ለምን ደህና ሆኖ ታየኝ? ይህን ስጠይቃቸው ደስ አላቸው። ቆሻሻ የመሣሪያ ሣጥን ክዳን ላይ በጠመኔ ጻፉልኝ። ሞተሪኖው 130 አምፔር ያህል ቢስብ፣ 1.9 ቮልት የሚበላው ተቃውሞ 0.015 ኦም ገደማ ብቻ ነው። የቴስተሩ ሁለት ሽቦዎች ለብቻቸው ሲነካኩ 0.2 ኦም ያሳያሉ። ስለዚህ በዚያ መሣሪያ ይህን ያህል ትንሽ ተቃውሞ በኦም መፈለግ የገበሬ ሚዛን ይዞ የወርቅ ብናኝ እንደመመዘን ነው። ገመዱ ሸክም ሳይኖርበት ጤነኛ ይመስላል፤ የሚጋለጠው ብዙ ኮረንቲ ሲያልፍበት ነው። ጀርመናዊው ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመውን፣ ቮልትን፣ ኮረንቲንና ተቃውሞን የሚያያይዘውን ሕግ በትምህርት ቤት ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን በዚያ ክዳን ላይ ነው።

ከዚያ እጄን ይዘው የነዳጅ መስጫውን የብረት ገመድ አስነኩኝ፤ ሞቅ ብሏል። ነዳጅ ስንሰጥ የሚሳበው ቀጭን ገመድ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ኮረንቲው በዋናው የማሳ ገመድ መመለሻ ሲያጣ በዚህ በኩል እያቆራረጠ ወደ ባትሪው ይመለስ እንደነበር አሳዩኝ። እንዲሁ ብቆይ ይህ ገመድ ተቃጥሎ ሊጣበቅ ይችል ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ሰውነቴን ይወረኛል።

የማሳውን ገመድ ፈታነው። ከውጭ ሲታይ ጥቁር ልባሱ ያልተነካ፣ ደህና ነው። ጋሼ ከጫፉ ሦስት ጣት ያህል በቢላ ሰንጥቀው ገለጡት። ውስጡ መዳብ መሆኑን ለመለየት ያስቸግር ነበር፤ ክሮቹ አረንጓዴ ሆነዋል፣ በጥፍሬ ስነካቸው እንደ ዱቄት ረገፉ። ከካምቢዮው ጋር የሚታሰርበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ እንድፈትገው ሰጡኝ፤ ራሳቸው አልነኩትም። ተመሳሳይ ውፍረት ያለው አዲስ ገመድ አሰርን፣ እንደገና ለካሁ፤ 0.1። ቁልፉን አዞሩት። ሞተሩ ያቃስት የነበረውን ረስቶት በፍጥነት ዞረ። ሶኬቱን መልሰን ስናስነሣው ደግሞ ገና እጃቸው ከቁልፉ ሳይለይ ተነሣ። አንጀቴ ራሰ ብል ማጋነን አይደለም።

በዚያ ቀን የከፈልኩት ከገመዱ ዋጋ ይልቅ ለመፈለጊያው ጊዜ ነው። ይህን አጥብቄ መናገር የምፈልገው ብዙዎቻችን ለዕቃ እንጂ ለፍለጋ መክፈል ስለሚከብደን ነው። ዕቃ ሲቀየርልን በእጃችን የምንይዘው ነገር አለ፤ ፍለጋ ግን አይታይም። ባለሙያውም የሚከፈለው በቀየረው ዕቃ ብዛት ከሆነ ለመለካት የሚያስገድደው ምንም ነገር የለም። እኔ ባትሪ እና ሞተሪኖ ላይ ያወጣሁት ገንዘብ ለጋሼ ከከፈልኩት ጋር አይወዳደርም። ስለ ዲናሞው ስጠይቃቸው ሞተሩ ተነሥቶ እያለ እንድለካ አደረጉኝ፤ 14.2 አሳየ። «ይሄ ይሠራል፤ ለምን ትቀይሪዋለሽ?» አሉኝ። የፈታነውን አሮጌ ገመድም ሳልጠይቃቸው ሰጡኝ። እስከ ዛሬ አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጊዜው እሄድላቸዋለሁ። ባትሪ ስፈታ ኔጌቲቩን ማስቀደም፣ ስመልስ ደግሞ መጨረሻ ላይ ማሰር እንዳለብኝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ አላለፉም። ፖዘቲቩን ቀድሜ ስፈታ የመፍቻ ቁልፌ የመኪናውን አካል ቢነካ የባትሪው ኮረንቲ በቁልፉ በኩል በቀጥታ አልፎ ያቃጥላል፤ ኔጌቲቩ ከተፈታ በኋላ ግን ብነካም ምንም አይሆንም። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ሰው ሲገባ ካዩ ደግሞ ያ ለስላሳ ሰው ይቆጣሉ። የብረት መደገፊያ ሳይገባ፣ ጎማው ሳይታገድ አንድ እጅ እንኳ እንዲገባ አይፈቅዱም።

የማይሠሩትንም በግልጽ ይናገራሉ። የካምቢዮ ሥራ ይዤ ስሄድ «ይሄ የእኔ አይደለም» ብለው ወደሚያውቀው ሰው ላኩኝ። ፍሬንን በተመለከተ ለብቻዬ እንዳልጀምር ከለከሉኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ አጠገባቸው ሆኜ፣ ሦስተኛውን ደግሞ እሳቸው እያዩኝ ነው የሠራሁት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እንደሚስብ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ከገባበት ግን ይህ መጠን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ሲፈጥር ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ጣሳውን ክፍት ትቼ ስዞር ለምን እንደጮኹብኝ አሁን ይገባኛል።

ፈጣን አይደሉም። ለነገ የሚያስቸኩል ሥራ ካላችሁ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ። አንዳንዴ ወረፋው ሳምንት ይሆናል፤ ስልክም በሥራ ላይ እያሉ አያነሡም። እኔ ግን በሦስት ጋራዥ ተመላልሼ ካጠፋሁት ጊዜ ጋር ሳስተያየው መጠበቁ ይሻለኛል።

በየአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ባለሙያ እንዴት ታውቁታላችሁ ለምትሉኝ፣ እኔ የማየው መጀመሪያ የሚያነሣውን ነገር ነው። ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት የሚጠይቅ፣ ከመቀየሩ በፊት የሚለካ፣ ያነበበውን ቁጥር ለእናንተም የሚያሳይ ከሆነ ያዙት። ለምን ብላችሁ ስትጠይቁት ፊቱ ከተለወጠ ሌላ ፈልጉ። ጀማሪ መሆናችሁንም አትደብቁት፤ ጋሼ ከእኔ የወደዱት ነገር ቢኖር «አላውቅም፣ ያሳዩኝ» ማለቴ ይመስለኛል።

ባለፈው ወር ስለ ሞተሩ ቺንጊያ ጠየቁኝ፤ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት ስለሚያዞረው፣ ውስጥ ስላለው። መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ወረቀት እንደሌለኝ ነገርኳቸው። «ወረቀት ከሌለ አልተቀየረም ብለሽ ያዢው» አሉ። በብዙ ሞተሮች 100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ መቀየር አለበት፤ በአንዳንዶቹ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስቶኑ ጋር ተጋጭተው ሞተሩን ያበላሹታል። ያን ዕለት አንድ ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተበላሸውን ገመድ ያገኘንበትን ቀን ቁጥሮች ጻፍኩ፤ 12.6፣ 10.8፣ 0.2፣ 1.9፣ ከዚያም 0.1።

ጋሼ፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ከባትሪው ወደ አካሏ የሚሄደውን ሁለተኛውን የማሳ ገመድ ባለፈው ቅዳሜ ለብቻዬ ቀየርኩት። ሞተሩ እየዞረ 0.08 አነበብኩ፤ ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ አልተለወጠም። ለቺንጊያው ስመጣ ደብተሩን ይዤልዎት እመጣለሁ።