የ1 ቴራባይት ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ግምገማ፦ ፍጥነቱን የያዘው ገመዱ ነበር

ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምሠራውም ሠርግ ነው። የሠርግ ፎቶ ከጠፋ ሙሽሮቹን ዳግም አልብሶ ማንሳት ስለማይቻል፣ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ሳልገለብጥ አልተኛም። ለዓመታት ለዚህ ያገለገለኝ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ድምፁ እየተለወጠ ስለመጣ፣ በቅርቡ 1 ቴራባይት የሚይዝ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ፣ ማለትም ፋይሎችን በሚሞሪ ቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ በገመድ የሚሰካ ዲስክ፣ ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ በሰከንድ እስከ 1,050 ሜጋባይት እንደሚያነብና እስከ 1,000 ሜጋባይት እንደሚጽፍ ተገልጿል። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገር በዚህ ደረጃ ያሉ ሌሎች ዲስኮችንም የሚመለከት ስለሆነ ነው።

ስለ አካሉ ብዙ የምለው የለኝም። ከመዳፍ ያነሰ፣ ቀላል፣ ሽፋኑ ብረት የሆነ፣ የሚሽከረከር ክፍል ስለሌለውም ቦርሳ ውስጥ ቢንገጫገጭ እንደ ቀድሞው ዲስክ የማያሳስብ ዕቃ ነው። ቅሬታዬ አብሮት የመጣውን ገመድ ይመለከታል፤ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም ስለማይበልጥ ላፕቶፑ ከፍ ያለ ማስቀመጫ ላይ ሲሆን ዲስኩ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ይህን ለማስቀረት ብዬ ገመዱን መሳቢያ ውስጥ ትቼ፣ ጫፉ ተመሳሳይ በሆነ ረዘም ያለ የስልክ ቻርጀር ገመድ ተካሁት።

የመጀመሪያው ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) 400 ጊጋባይት የሚሆን ፎቶና ቪዲዮ ነበር። ፍጥነቱ በሰከንድ 38 ሜጋባይት ላይ ቆመ፤ ከዚያም ፈቀቅ አላለም። በዚህ አካሄድ ሥራው ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ያረጀው ሃርድ ዲስኬ እንኳ ከዚህ በእጥፍ ይፈጥን ነበር። የተሸጠልኝ ዕቃ ትክክለኛ አይደለም ብዬ ወደ ሱቁ ልመልሰው ተነሥቼ ነበር፤ ያስቆመኝ ግን ቁጥሩ ራሱ ነው። የጋለ ወይም የደከመ ዲስክ ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በአንድ ቦታ ተቸንክሮ የሚቆይ ፍጥነት ግን ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው የመንገዱን ጥበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 ጣሪያው በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ይህ 60 ሜጋባይት ይሆናል፤ ግንኙነቱ ራሱ የሚወስደው ሲቀነስለት ደግሞ በተግባር የሚተርፈው ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ያህል ነው። እኔ ያየሁት 38 በዚሁ መካከል ይወድቃል።

የማክ ኮምፒውተር ያለው ሰው የሲስተም ሪፖርቱን ከፍቶ በዩኤስቢ ክፍል ውስጥ ዲስኩ በምን ፍጥነት እንደተገናኘ ማየት ይችላል። በቻርጀሩ ገመድ ሲሰካ የእኔው የሚያሳየው 480 ሜጋቢት ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ የተውኩትን አጭር ገመድ ሳወጣና ስሰካ ግን 10 ጊጋቢት አለ። ዩኤስቢ ሲ የሚባለው የጫፉ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ስለ ፍጥነቱ የሚናገረው ነገር የለም። ለቻርጅ የተሠሩ ብዙ ገመዶች ኤሌክትሪክ በሚገባ ያስተላልፋሉ፤ ለከፍተኛ ፍጥነት የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ጥንድ ሽቦዎች ግን በውስጣቸው የሉም። የአፕል የራሱ የዩኤስቢ ሲ የቻርጅ ገመድ እንኳ ዳታ የሚያስተላልፈው በዩኤስቢ 2 ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ የገመዱ ውድነት ወይም ኦሪጅናልነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በላፕቶፑና በዲስኩ መካከል ሃብ (አንዱን የዩኤስቢ ማስገቢያ ወደ ብዙ የሚያበዛ ዕቃ) ያለውም ሰው ዲስኩን አንድ ጊዜ በቀጥታ ሰክቶ ቢያወዳድር መልካም ነው፤ አንዳንዶቹ የሃብ ማስገቢያዎች ለኪቦርድና ለማውስ ታስበው የተሠሩ ዩኤስቢ 2.0 ናቸው።

ገመዱ ከተስተካከለ በኋላ ቅጂውን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ፍጥነቱ ወደ 850 ሜጋባይት ወጣ፤ 60 ጊጋባይት ያህል ከተላለፈ በኋላ ግን ወደ 300 ወረደና እስከ መጨረሻው በዚያው ቆየ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሙቀትን ነበር፤ ዲስኩን ቬንትሌተር ፊት ባስቀምጠውም ለውጥ አልመጣም። ለጥቂት ጊዜ ሥራ ፈትቶ ሲቆይ ግን ወደ ቀድሞው ፍጥነት ተመለሰ። ይህ የጊዜያዊ ማቆያው ጠባይ ነው፦ ኤስኤስዲው የመጣለትን ዳታ በቅድሚያ በእያንዳንዱ ሴል (ዳታው በሚቀመጥበት ጥቃቅን ክፍል) አንድ አንድ ቢት ብቻ እየያዘ በፍጥነት ይቀበልና፣ ያ ስፍራ ሲሞላ በአንድ ሴል ሦስት ወይም አራት ቢት ወደሚያጭቅበት ዘገምተኛ አጻጻፍ ይሻገራል፤ በእረፍቱም ጊዜ የተቀበለውን አደላድሎ ስፍራውን ያስለቅቃል። አራት አራት ቢት የሚይዙት ርካሽ ዲስኮች በዚህ ጊዜ ከሃርድ ዲስክ በታች እስከ መውረድ ይደርሳሉ፤ ስለዚህ 300 የሚያስወቅስ ቁጥር አይደለም። የሚያስወቅሰው ይህ ቁጥር ካርቶኑ ላይ አለመጻፉ ነው፤ ለባክአፕ የሚገዛ ሰው ሊያውቀው የሚገባው በቅድሚያ ይህንን ነውና። ያም ሆኖ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ የነበረው ቅጂ በሃያ ደቂቃ ገደማ አለቀ።

ፎቶ የማርምበት ፕሮግራም የላይትሩም ቅድመ ዕይታ ፋይሎች ያሉበትን አቃፊ ስገለብጥ ፍጥነቱ እንደገና ወደቀ። እነዚህ እጅግ ብዙና ደቃቅ ፋይሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ፋይል ሲከፈት፣ ሲመዘገብና ሲዘጋ የሚጠፋው ጊዜ ከራሱ ቅጂ ይበልጣል፤ ምንም ዓይነት ገመድ ይህን አያድንም። ላይትሩም ቅድመ ዕይታውን ከዋናዎቹ ፎቶዎች እንደገና መሥራት ስለሚችል ያንን አቃፊ ከባክአፑ አወጣሁት። ካታሎጉ ግን የእርማት ሥራዬ ሁሉ የተመዘገበበት ስለሆነ ፈጽሞ አይወጣም።

የማክን የባክአፕ ፕሮግራም ታይም ማሺንን ለሚጠቀሙ ደግሞ ለዝግመቱ ሌላ ምክንያት አለ። ፕሮግራሙ በኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራውን ሰው እንዳያውክ ሆን ብሎ በዝቅተኛ ቅድሚያ ስለሚሠራ፣ የመጀመሪያው ባክአፕ በፈጣን ዲስክ ላይም ይጓተታል፤ ማታ አስጀምሮ መተኛት ከሁሉ የቀለለ መፍትሔ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው ደግሞ በቅንብሮቹ ውስጥ በባትሪ ጊዜም ባክአፕ እንዲሠራ የሚፈቅደውን ምርጫ ይመልከት፤ ይህ ምርጫ ካልበራ መብራት ሲሄድ በራሱ የሚጀምረው ባክአፕ ይቀራል።

ዲስኩን አልመለስኩትም፤ በየሠርጉ ከ100 እስከ 200 ጊጋባይት ለሚገለብጥ ሰውም ያለ ስጋት እመክረዋለሁ። በየቀኑ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ቪዲዮ ለሚያስተላልፍ ግን ማቆያው ከሞላ በኋላ ያለው ፍጥነት ከፍ ያለ ዲስክ መፈለግ ይሻለዋል። ዋጋቸው ከዚህኛው በታች ሆኖ 16 ቴራባይት ይይዛሉ እየተባሉ የሚሸጡትን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፤ አይግዟቸው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ትንሽ የሚሞሪ ካርድ ነው፤ ካርዱ ሲሞላ የተጻፈ እየመሰለ ፋይሉ ይጠፋል። እኔ አሁን 10 ጊጋቢት የሚል ምልክት ያለበት የአንድ ሜትር ገመድ ገዝቼ፣ ከስልኩ ገመድ ጋር እንዳይቀላቀል ሁለቱንም ጫፎቹን በቀይ ፕላስተር ጠቅልያቸዋለሁ።