ለዲቃላዋ ሞተሬ አባት

የቆመች ሞተር ሳይክሌን ከሌሎች ሞተሮች እያዋጡ ለሠሩልኝ መካኒክ ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ወር አለፈኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ጎንደር አጠገብ ጠዳ አንዲት ላም አዋልጄ ስመለስ፣ ጭቃው ከቦቲዬ ሳይለቅ፣ ካልጻፍኩት ምሳ አልበላም ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ነው። ጎንደር ከተማ ማራኪ አካባቢ ትንሽ የመድኃኒት ሱቅ አለችኝ። የታመመች ላም ግን ሱቅ ድረስ አትመጣም፤ እኔ ነኝ የምሄደው። አንድ ቀን አዘዞ፣ አንድ ቀን ማክሰኝት፣ ሲብስ ደግሞ ሽቅብ ወደ ቆሶዬና አምባ ጊዮርጊስ። ባጃጅ አስፋልቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ስለዚህ ከአራት ዓመት በፊት አንድ ድርጅት ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ ያማሃ ዲቲ 125 ገዛሁ።

ዲቲን የሚያውቅ ያውቃታል። ቤንዚን ከዘይት ጋር የምታነድ፣ ጭሷ ከሩቅ የሚሸት፣ ገደል የማትፈራ ሞተር። ችግሯ ቁመቷ ነው። እኔ አጭር ነኝ። ስቆም መሬት የምነካው በአውራ ጣቴ ብቻ ነበር፤ እሱም በአንድ እግሬ። ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ አልቆጥርም። አንዴ ገበያ መሀል እንቁላል የዘረጋች ሴትዮ አጠገብ ተዘርሬያለሁ። (እንቁላሉን ከፍያለሁ።) ወድቆ መነሳት ግን ለመድኩት። ያልለመድኩት ዘይቷ ማለቁን ሳላውቅ ስነዳት መሀል መንገድ ላይ ድርቅ ስትልብኝ ነው። ግሪፕ አደረገ አሉኝ። ኢንጂኑ ውስጡ ተጣብቋል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዴ የፈላው። ስም አልጠራም። የአንድ ከተማ ሰዎች ነን፣ ነገ ሰርግ ላይ እንገናኛለን።

የመጀመሪያው ጋራዥ «ለጥምቀት ትነጂያታለሽ» አለኝ። ጥምቀት መጣ። ታቦት ወጣ፣ ታቦት ገባ። «እንግዲህ ለፋሲካ» አለኝ። ፋሲካም ሄደ። በመሀል 9,500 ብር ቀብድ ተበልቷል። ዕቃው «ከአዲስ አበባ ተጭኗል» ነበር የሚባለው። ያ ዕቃ እስካሁን መንገድ ላይ ነው። በእግሩ ቢመጣ እንኳ ደርሶ ነበር።

ሁለተኛው ፈታትቶ በተናት። ልወስዳት ስሄድ ካርቡሬተሯ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) የለም። «ስትመጣም አልነበራትም» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ያለ ካርቡሬተር ነድቻለሁ ማለት ነው።

ሦስተኛው ጭራሽ አልነካትም። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ባልሽን ላኪው፣ ከወንድ ጋር ብንነጋገር ይሻላል» አለኝ። ባል የለኝም። ቢኖረኝም ፍሬንን ከፍሪሲዮን ለመለየቱ ዋስ አልሆንም።

ሞተሯ እናቴ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ አሥራ አንድ ወር ቆመች። አንድ ቀን ሸራውን ስገልጠው ዶሮ ወንበሯ ላይ ታቅፋለች። እናቴ «ተያት፣ ቢያንስ ጫጩት ይገኝባታል» አለችኝ። እሷ ቀልዷን ነው፤ እኔ ግን ወደ ሥራ በእግሬና በልመና ነበር የምሄደው። አምባ ጊዮርጊስ አንዲት ጊደር ዘግይቼ ደርሼ ሞታ አገኘኋት። ባለቤቶቹ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቡና አፈሉልኝ። እሱ ነው የባሰው።

የማመሰግናቸውን መካኒክ የጠቆመኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። «ቀስ ይላሉ፤ ግን አይዋሹም» አለኝ። ሁለተኛውን ቃል ስሰማ በዚያው ቀን ሄድኩ።

ስማቸውን አልጽፍም፤ ራሳቸው ከልክለውኛል። «ስም ከተጻፈ ሰልፍ ይመጣል፣ ሰልፍ ከመጣ ሥራ ይበላሻል» ብለው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ጋራዡ አዘዞ መንገድ ላይ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ነው። ታፔላ የለውም። ግቢው የሞተር መቃብር ይመስላል። አንዱ ጥግ የቦክሰር እግር፣ ሌላው ጥግ የሆንዳ ታንከር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) እንደ ቋንጣ ተሰቅሏል። ጋሼ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን ሲሉ ጣልያንኛ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። ጣልያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. ተሸንፎ ከጎንደር ወጥቷል፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል።

«ኢንጂኑ ሞቷል። ቢነሳም መለዋወጫው ያሰቃይሻል» አሉኝ። ልቤ ወረደ። ከዚያ ግን ቀጠሉ። «ሻንሲዋ (አጥንቷ) ግን እንደ ወይራ ነው። ከሌሎቹ እያዋጣን ለአንቺ እንሥራ።»

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስኩ። በሁለተኛው ቀን ስሄድ ዲቲዬ ጎማ የላት፣ ኢንጂን የላት፣ አጥንቷ ብቻ ሁለት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። «ነይ ተቀመጪባት» አሉኝ። ቀሚስ ለብሼ ነበር። ረዳቱን ልጅ ወደ ውጭ ላኩት፣ ፊታቸውን አዞሩ፣ ተቀመጥኩ። ከዚያ ከኪሳቸው ሲባጎ አወጡ። «ጫፉን ወገብሽ ላይ ያዢው» አሉኝና እስከ ተረከዜ ድረስ ለክተው ቋጠሩት። ቋጠሮውን ምስማር ላይ ሰቀሉት። በቃ። ልብስ ሰፊ እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቆ አልለካኝም።

«ቁመትሽ ስንት ነው ብሎ የጠየቀሽ የለም?» አሉኝ።

የለም። ባሌን የጠየቀኝ ነበር፤ ቁመቴን የጠየቀኝ የለም። ሳቅሁ። ከዚያ ዓይኔ ሞላ፤ አቧራ ነው ብዬ ጠረግሁት።

ያ ሲባጎ ሦስት ሳምንት ምስማሩ ላይ ነበር። በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ። የኋላውን ሞላ አጭር አደረጉት፣ የወንበሩን ስፖንጅ ላጩት፣ እንደገና ለኩ። ዝርዝሩን አትጠይቁኝ፤ አልገባኝም። የማውቀው ኢንጂኑ ከቦክሰር 150 መምጣቱን ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ቀረልኝ። የዕቃ መጫኛውን ደግሞ ከኤጂ 100 አመጡት፤ ያቺ የግብርና ባለሙያዎች ሞተር። ለክትባት በረዶ ሣጥኔ ልክክ አለ። ኤጂ በግራም በቀኝም መቆሚያ አላት፤ ሁለቱንም ገጠሙልኝ። ተዳፋት ላይ ሞተር ለማቆም የተሰቃየ ሰው ብቻ ነው ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው።

እኔ ዲቃላ ብዬ ሰየምኳት። በእኛ ሙያ ስድብ አይደለም። የፎገራን ላም ከሆልስታይን የምናዳቅለው የአንዷን ጽናት ከሌላዋ ወተት ጋር ለማግኘት ነው። ጋሼ ግን ስሙን አልወደዱትም። «እንዴት በሕግ ያልተወለደች ትያታለሽ?» አሉኝ። ለካ ነገሩ የምር ነው! ያን ዕለት ቤንዚን በሃይላንድ ይዘው መጡ፣ ጨርቅ ነከሩ፣ የሻንሲውን ቁጥር ዝገት ጠረጉ። ከዚያ ቁጥሩን ጮክ ብለው አንድ በአንድ አነበቡልኝ፤ እኔ ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ እከተላለሁ። «ብየዳ እዚህ አጠገብ አይደርስም። መንገድ ላይ ሲያስቆሙሽ የሚያድንሽ ይሄ ነው» አሉ። የቦክሰሩን ኢንጂንም ያለ ሽያጭ ውልና ያለ ባለቤቱ ሊብሬ አልገዛም ብለው ሁለት ርካሽ ኢንጂን መለሱ። አዲሱን የኢንጂን ቁጥር ሊብሬዬ ላይ እንዳስገባ ወረቀቱን በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ስንቱ ነው ስለ ወረቀት የሚጨነቅልህ?

ደግሞ «ለጥምቀት አልደርስም» ብለውኝ ነበር። አልደረሱም። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት አሉኝ፣ ሐሙስ ዕለት ደወሉ። እኔ ለቀጠሮ ስል ያለቀስኩ ሴት ነኝ፤ ያን ስልክ አልረሳውም።

ገንዘቡን ይዤ ሄድኩ። አልቀበልም አሉ። «ቆሶዬን ሳትወጣ ሞተር አይባልም።» እኔ ፊት ፊት፣ እሳቸው በራሳቸው ሞተር ከኋላ፣ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጣን። ከተማዋ ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ቆሶዬ ደግሞ ከዚያም በላይ። ዳገቱ መሀል ማሳል ጀመረች። የድሮው ፍርሃት ሆዴን ጨበጠው። ጋሼ ግን አስቆሙኝ፣ ጋቢያቸውን መሬት ላይ አንጥፈው ካርቡሬተሩን ከፈቱና ከውስጡ የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ቤንዚን የሚያልፍባት ነሐስ አውጥተው ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ ሌላ ቀየሩ። «ከፍ ስንል አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ግን እንደ ታች ያህል ይወርድባታል። ትንፋሽ እያሳጣት ነው» አሉኝ። ትርፏን ነሐስ ለካ ከቤት ጀምሮ በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋታል። ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ እያዩን ነበር። አስነሳኋት። አላሳለችም። አምባ ጊዮርጊስ ድረስ አላሳለችም።

በሁለቱም እግሬ መሬት ረግጬ ቆምኩ። በሙሉ እግሬ!

ስንመለስ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ሰጡኝ። ውስጡ ከዲቲዋ የወጣው ሁሉ ነው፤ የተቃጠለው ፒስተን፣ አሮጌው ሞላ፣ ቡሎኑ ሳይቀር። «የአንቺ ንብረት ነው፤ ብትሸጪውም ብትጥይውም» አሉኝ። ካርቡሬተሬ የጠፋብኝ ሰው መሆኔን አስታውሱ። ፒስተኑን አልጣልኩትም። አሁን ሱቄ ውስጥ ደረሰኞቼ እንዳይበተኑ ከላያቸው ይቀመጣል።

እግዚአብሔር እጅዎን ይባርክ ጋሼ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ልጆችዎ እርስዎን ይምሰሉ።

እናንተ ደግሞ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ሸራ ያለበሳችሁት ሞተር ካለ፣ ዶሮ ሳይታቀፍበት ወደ እሳቸው ውሰዱት። በተለይ ሴቶች። በተለይ አጫጭሮች። ለገጠር ሥራ የምትንቀሳቀሱ ጤና ኤክስቴንሽኖች፣ መምህራን፣ እናንተም። ሂዱ፣ ሂዱ፣ ሂዱ። የሚቸኩል ሰው ግን አይሂድ። በአንድ ጊዜ ከሁለት ሞተር በላይ አይቀበሉም፤ «ነገ» ካሉ ነገ ነው፣ «አይሆንም» ካሉም አትነዝንዟቸው። ሊብሬ ሳትይዙ እንዳትሄዱ፣ ከበር ነው የሚመልሷችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ናቸው። ቦታው የጠፋበት በውስጥ ይጻፍልኝ፣ እመራዋለሁ።

ሻይ ያስመጡላችኋል። ሒሳቡን ለመክፈል እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ እንዳትሰዱ፤ ይቆጣሉ።